የተረሳች ሳይንቲስትን ዊኪፔዲያ ላይ እንዴት እናስገባ? ከምንጭ ፍለጋ እስከ ክትትል

ኦክቶበር 2 ቀን 2018 የፊዚክስ ኖቤል አሸናፊዎች ስም ሲነገር አንዷ ካናዳዊቷ ዶና ስትሪክላንድ ነበረች። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስሟ እንደተጠራ እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ ሮጦ የፈለጋት ሰው ምንም አላገኘም። በ1985 ያንኑ የሌዘር ሥራ አብሯት ያሳተመውና አብሯት የተሸለመው ዤራር ሙሩ ግን ገጽ ነበረው። የባሰው ደግሞ በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ሰው ስለ እሷ ረቂቅ ጽፎ አስገብቶ ነበር። የቀረቡት ምንጮች በቂ አይደሉም ተብሎ ሜይ ላይ ተመለሰ።

ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ረቂቁን በመለሰው ገምጋሚ ይናደዳል። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ስትሪክላንድ እኮ በ2013 ያኔ ኦፕቲካል ሶሳይቲ ይባል የነበረው ትልቅ የሙያ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበረች። የዊኪፔዲያ የራሱ ደንብ ደግሞ ትልቅ የምሁራን ማኅበርን በበላይነት የመራ ሰው ገጽ ይገባዋል ይላል። ማስረጃው ነበረ፤ ገምጋሚውን ግን አላሳመነውም። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ማስረጃን ስለማግኘትና በሚያሳምን መንገድ ስለማቅረብ ነው። ጥሩ አጻጻፍ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

1. ሰው ምረጡ፣ ግን የምታውቁትን ሰው አይደለም

መምህራችሁን፣ አለቃችሁን፣ ጓደኛችሁን ወይም ዘመዳችሁን አትምረጡ። የጥቅም ግጭት አለበት፣ ገጹም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጥርጣሬ ይታያል። ለመጀመሪያ ሥራ በሕይወት የሌለች፣ ብዙ የተጻፈላት ግን ገጿ ባዶ ወይም ሁለት መስመር ብቻ የሆነ ሳይንቲስት ብትመርጡ ይሻላል። በሕይወት ስላለ ሰው ሲጻፍ ደንቡ በጣም ይጠብቃል፤ ምንጭ የሌለው አከራካሪ ዓረፍተ ነገር ወዲያው ይሰረዛል፣ ልክም ነው።

ስም ከየት ይመጣል? ዊመን ኢን ሬድ የሚባል በ2015 የተጀመረ የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት አለ። ስያሜው የመጣው ዊኪፔዲያ ላይ ገጽ የሌለው ሊንክ ቀይ ሆኖ ስለሚታይ ነው። ሲጀምሩ እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ ካሉት የሕይወት ታሪኮች የሴቶቹ 15 በመቶ ገደማ ነበር፤ አሁን ወደ 20 በመቶ ደርሷል። በሙያ፣ በአገርና በዘመን የተከፋፈሉ ረጃጅም የስም ዝርዝሮች አሏቸው። ሌላው መንገድ የሚገርማችሁን ግኝት ይዞ ወደ ኋላ መሄድ ነው። የድሮ ጥናቶች መጨረሻ ላይ ያለውን የምስጋና አንቀጽ አንብቡ። ስሌቱን የሠራች፣ ናሙናውን ያዘጋጀች፣ ሥዕሉን የሣለች ሴት ብዙ ጊዜ የምትገኘው እዚያ ነው።

2. አንድ ቃል ሳትጽፉ ምንጭ ሰብስቡ

ይሄ ከሁሉም ረጅሙ ሥራ ነው። አትዝለሉት።

የመጀመሪያ ረቂቄ ተመልሶብኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ተናድጄ ነበር፣ ሰዎቹ ሴት ስለሆነች ነው የጣሉት ብዬ። በሦስተኛው ቀን ቁጭ ብዬ ማጣቀሻዎቹን ስቆጥር ከዘጠኙ ሰባቱ እሷ ራሷ የጻፈቻቸው ጥናቶች ናቸው። ስምንተኛው የቀጠራት ዩኒቨርሲቲ ገጽ ነው። ሌላ ሰው ስለ እሷ የጻፈው አንድ ብቻ ነበር። ሌላ ሦስት ምንጭ ፈልጌ ጨምሬ እንደገና አስገባሁት፤ አለፈ።

በአጭሩ ዊኪፔዲያ የሚጠይቀው ይሄን ነው፦ ከእሷ ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌላቸው ሰዎች፣ አዘጋጅ ባለው ኅትመት ላይ፣ ስለ እሷ በዝርዝር ጽፈዋል ወይ? የራሷ ጥናት፣ የመሥሪያ ቤቷ ገጽ፣ ሲቪዋ፣ የተቋሙ መግለጫ፣ እሷ ብቻ የምትናገርበት ቃለ መጠይቅ ለዝርዝር መረጃ ያገለግላሉ። ገጽ እንደሚገባት ግን አያረጋግጡም። የሚያረጋግጡት የሕይወት ታሪክ መዝገበ ቃላት፣ የሳይንስ ታሪክ መጻሕፍት፣ ጋዜጣ ላይ የወጣ የሞት ዜና፣ ስትሞት የሙያ መጽሔት ላይ የተጻፈ መታሰቢያ፣ ሥራዋን የሚገመግም ሌላ ሰው የጻፈው ጽሑፍ ናቸው። እንደነዚህ ያሉ ሦስት ጠንካራ ምንጮች ከሃያ ደካሞች ይበልጣሉ።

ለምሁራን ሌላ በርም አለ፣ ብዙ ጀማሪ አያውቀውም። በሙያዋ ትልቅ ሽልማት አግኝታ ከሆነ፣ ወደ ታዋቂ አካዳሚ አባልነት ተመርጣ ከሆነ፣ ትልቅ ማኅበር ወይም ዩኒቨርሲቲ መርታ ከሆነ፣ የትልቅ መጽሔት ዋና አዘጋጅ ሆና ከሆነ፣ ወይም ሥራዋ በመስኩ በብዛት የሚጠቀስ ከሆነ አንዱ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ከእነዚህ አንዱን ካገኛችሁ በጽሑፉ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ከነማጣቀሻው አስቀምጡት። አራተኛው አንቀጽ ውስጥ ብትቀብሩት ገምጋሚው ሳያየው ያልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ፣ ወደ ስም። አንዲትን ሴት በአንድ ስም ብቻ ሰርች አድርጋችሁ ምንም የለም ካላችሁ ገና አልጀመራችሁም። ኔቲ ስቲቨንስን ውሰዱ። በ1905 የጥንዚዛ ዕጭ እያጠናች ጾታን የሚወስኑት ክሮሞዞሞች መሆናቸውን አሳይታለች። ጥናቶቿ ላይ ያለው ስም ግን "ኤን ኤም ስቲቨንስ" ነው፤ ሴት መሆኗ እንኳን አይታወቅም። ሲሲሊያ ፔይን በ1925 ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅን መሆናቸውን በዶክትሬት ጽሑፏ ስታሳይ ፔይን ነበረች፤ ካገባች በኋላ ፔይን ጋፖሽኪን ሆነች። ማርት ጎቲዬ ደግሞ የዳውን ሲንድረም መንስኤ ተጨማሪ ክሮሞዞም መሆኑ ለተገኘበት ጥናት ሕዋሶቹን ያሳደገችው እሷ ሆና ሳለ፣ በ1959 ሲታተም የመጀመሪያው ስም የዤሮም ሌዤን ሆነ፤ የእሷ ስም ደግሞ ፊደሉ ተሳስቶ ታተመ። በትክክለኛው አጻጻፍ ብቻ የሚፈልጋት ሰው ያን ወረቀት ላያገኘው ይችላል።

ስለዚህ ወረቀት ውሰዱና ጻፉ፦ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ስም፣ የጋብቻ ስም (ሁለት ጊዜ አግብታ ከሆነ ሁለቱም)፣ በፊደል ብቻ ያጠረ ስም፣ "ወይዘሮ" ተብሎ በባል ስም የተጻፈ፣ በተሳሳተ ፊደል የተጻፈ፣ በሌላ ቋንቋ ፊደል የሚጻፍበት መንገድ። እያንዳንዱን ለየብቻ፣ ከዚያ ከሥራ ቦታዋና ከመስኳ ጋር እያጣመራችሁ ፈልጉ። ጎግል ቡክስና ጎግል ስኮላር ላይ፣ የቆዩ ጋዜጦች ማኅደር ውስጥ፣ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ። አንድ ሙሉ ምሽት ይፈጃል፣ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይቀላል።

3. አካውንት ክፈቱና ቀስ ብላችሁ ግቡ

እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ አዲስ ገጽ በቀጥታ ለመክፈት አካውንታችሁ 4 ቀን የሞላውና 10 አርትዖት ያደረገ መሆን አለበት። ከዚያ በፊት ገምጋሚ በሚያየው ረቂቅ በኩል ነው። በሌሎች ቋንቋዎች ደንቡ ይለያያል። ቢሆንም አትቸኩሉ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ትንንሽ ነገር አስተካክሉ። የተሰበረ ሊንክ፣ የጎደለ ዓመት፣ ምንጭ የሌለው ዓረፍተ ነገር። አሠራሩም ይገባችኋል፣ ሌሎች አርታኢዎችም ያውቋችኋል።

4. ከገጿ በፊት ግኝቱ ያለበት ገጽ ላይ ስሟን አስገቡ

ይሄን ብዙ መመሪያ አይነግራችሁም፣ ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ነው። የአንዲት የማትታወቅ ሴት ገጽ ቢኖርም ማን ይከፍተዋል? ስሟን የማያውቅ ሰው አይፈልጋትም። ግኝቷን ግን በየቀኑ ብዙ ሰው ያነባል። ስለዚህ ስሟ ሰው በሚያነብበት ቦታ ይግባ።

ዩኒስ ፉትን እንይ። አሜሪካዊት ናት። በ1856 የመስታወት ቱቦዎችን በተለያየ ጋዝ ሞልታ፣ ውስጣቸው ቴርሞሜትር አድርጋ፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጠቻቸው። ካርበን ዳይኦክሳይድ ያለበት ከሌሎቹ ይበልጥ ሞቀ፤ ከፀሐይ ከወጣ በኋላም ቶሎ አልቀዘቀዘም። ከባቢ አየር ውስጥ ይሄ ጋዝ ቢበዛ ምድር ትሞቃለች ብላም ጻፈች። ጽሑፏ የሳይንቲስቶች ጉባኤ ላይ ሲቀርብ ያነበበው ግን ሌላ ሰው ነው፣ ጆሴፍ ሄንሪ። ከዚያ ተረሳች፤ ሥራዋ እንደገና መነጋገሪያ የሆነው ከ2011 ወዲህ ነው።

አሁን ስለ አየር ንብረት የሚያወራ ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አገኛችሁ እንበል፦

"ካርበን ዳይኦክሳይድ ሙቀትን እንደሚይዝ በ1859 ያሳየው ጆን ቲንዳል ነው።"

ብዙ ሰው በንዴት የሚጽፈው ይሄን ነው፦ "ግኝቱ የዩኒስ ፉት ነው፤ ቲንዳል ነጠቃት።" ይሄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሰረዛል፤ መሰረዝም አለበት፣ ምክንያቱም ቲንዳል ሥራዋን ያውቅ እንደነበር የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለም። የሠሩትም አንድ አይደለም። እሷ የፀሐይ ብርሃን ላይ አስቀምጣ የጋዙን መሞቅ ለካች። እሱ ደግሞ ጋዞች በዓይን የማይታየውን የሙቀት ጨረር እንደሚውጡ በመሣሪያ ለካ። እንግዲህ እንዲህ ብትጽፉትስ፦

"በ1856 ዩኒስ ፉት ካርበን ዳይኦክሳይድ ያለበት ቱቦ ፀሐይ ላይ ከተራ አየር ይበልጥ እንደሚሞቅ አሳየች፤ የጋዙ መጠን መጨመር የምድርን ሙቀት ሊጨምር እንደሚችልም ጠቆመች። በ1859 ጆን ቲንዳል ጋዞች የሙቀት ጨረርን እንዴት እንደሚውጡ በመለካት የመጀመሪያውን ዝርዝር ማስረጃ አቀረበ።"

ይሄን ለመሰረዝ ምክንያት የለም። የቲንዳልን ድርሻ አልነካም፣ የእሷን ግን በትክክለኛ ዓመቷና በትክክለኛ ልኳ አስገብቷል። አለማጋነን ለእሷው ነው የሚጠቅመው፤ አንድ የተጋነነ ቃል ሲገኝ እውነቱም አብሮ ይወጣል።

የፊዚክስ ተመራማሪዋን ሊዘ ማይትነርንም በዚህ ዓይን እዩ። በኒውክሌር መሰንጠቅ ግኝት የ1944 የኬሚስትሪ ኖቤል ለኦቶ ሃን ብቻ ነው የተሰጠው። "ኒውክሌር መሰንጠቅን ያገኘችው እሷ ናት" ማለት አያስፈልግም። ሃንና የሥራ ባልደረባው ሽትራስማን በኬሚካላዊ ሙከራ በኒውትሮን ከተመታ ዩራኒየም ውስጥ ባሪየም ማግኘታቸውን፣ ማይትነርና ኦቶ ፍሪሽ ደግሞ በ1939 የአቶሙ አስኳል መሰንጠቁን በፊዚክስ ማስረዳታቸውን ጻፉ። አንባቢ ይሄን ካነበበ በኋላ ሽልማቱ ለአንድ ሰው ብቻ መሰጠቱን ሲያይ ራሱ ይጠይቃል።

5. ገጿን ጻፉ

መግቢያው ላይ ማን ናት፣ መቼ ኖረች፣ ምን ሠራች። በቃ። ምሳሌ፦

"አሊስ ቦል እጅግ ጎበዝ፣ ታታሪና ለብዙ ሴቶች አርአያ የሆነች ድንቅ ሴት ሳይንቲስት ነበረች።"

ይሄን አንብቦ ምን ሠራች ለሚል ሰው መልስ የለውም። ይሄኛውን እዩ፦

"አሊስ ኦገስታ ቦል (1892–1916) አሜሪካዊት ኬሚስት ነበረች። የቻውልሙግራ ዘይትን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን በመርፌ መስጠት የሚቻልበትን የአዘገጃጀት ዘዴ አገኘች። ውጤቷን ሳታሳትም በ24 ዓመቷ ሞተች፤ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት አርተር ዲን ሥራውን ቀጥሎ ስሟን ሳይጠቅስ አሳተመው። በ1922 ሐኪሙ ሃሪ ሆልማን ዘዴውን በእሷ ስም ጠርቶ ጻፈ።"

"ድንቅ" የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። አያስፈልግምም።

አማርኛ አንድ ትልቅ ነገር ያቀልልናል። "ነበረች" ስንል ሴት መሆኗን ግሱ ነገረን፤ "ሴት ኬሚስት" ማለት ትርፍ ነው። "ወንድ ኬሚስት" ብላችሁ ጽፋችሁ ታውቃላችሁ? ወንዱን "አንስታይን" ካላችሁ እሷንም "ማይትነር" በሉ፣ "ሊዘ" አትበሉ። እሱን አንቱ ብላችሁ እሷን አንቺ አታድርጉ፣ በገጹ ሙሉ አንድ ዓይነት ይሁን።

ስለ ቤተሰብ። በ2013 ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ሮኬት ሳይንቲስቷ ኢቮን ብሪል ሞት ሲጽፍ የጀመረው በምግብ አሠራሯ፣ ባሏን ተከትላ ከሥራ ወደ ሥራ በመዘዋወሯና ልጆች በማሳደጓ ነበር። ሳተላይቶች ምሕዋራቸውን ሳይለቁ እንዲቆዩ የሚያደርግ ሞተር የፈጠረች ሴት ናት! ተቃውሞ ሲበዛ የምግቡ ነገር ወጣ። በዚያው ዓመት ከሳይንስ ጸሐፊዋ አን ፊንክባይነር ሐሳብ ተነስቶ በስሟ የተጠራ መፈተሻ ወጣ፤ ስለ ሳይንቲስቷ ስትጽፉ የባሏን ሥራ፣ ልጆቿን ማን እንደሚጠብቅ፣ ለሴቶች አርአያ መሆኗን አታንሱ ይላል። እኔ በአብዛኛው እስማማለሁ። ልዩነቱ ትዳሩ ሥራዋን የነካበት ቦታ ላይ ነው። ማሪያ ጎፐርት ማየር ባሏ በተቀጠረበት ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ያለ ደመወዝ ሠርታለች፣ ባልና ሚስትን አንድ ላይ መቅጠር ስለማይፈለግ፤ በ1963 የፊዚክስ ኖቤል አገኘች። ይሄ የሥራ ታሪኳ ነው፣ መጻፍ አለበት። ራሳችሁን ጠይቁ፦ ሰውየው ቢሆን ይሄን እዚህ ቦታ እጽፈው ነበር?

የቀረው አጭር ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ከኋላው ምንጭ ይኑረው። ከምንጭ ኮፒ አታድርጉ፣ በራሳችሁ ቃል ጻፉ። ከሌላ ቋንቋ ዊኪፔዲያ ከተረጎማችሁ ከየትኛው ገጽ እንደመጣ የአርትዖት ማጠቃለያው ላይ ግለጹ፤ ፈቃዱ ይሄን ያስገድዳል። የማሽን ትርጉምን ደግሞ እንዳለ አትለጥፉ፤ በተለይ "እሱ" እና "እሷ" ይምታታበታል፣ እዚህ ጽሑፍ ላይ ከዚህ የከፋ ስህተት የለም።

6. ፎቶ

ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁትን ፎቶ አትጫኑ። ዊኪሚዲያ ኮመንስ (የዊኪፔዲያ ነጻ የፎቶ ማኅደር) ላይ ነጻ ፈቃድ ያለው ካለ እሱን፣ ከሌለ ያለ ፎቶ ይሂድ።

7. ገጹን ካስገባችሁ በኋላ

ገጹ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። ፍራንቼስካ ትሪፖዲ የተባለች የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ በ2021 ባወጣችው ጥናት የሴቶች የሕይወት ታሪክ ከድርሻው በላይ ለስረዛ እንደሚቀርብ አሳይታለች። ስለዚህ ዝግጁ ሁኑ። እንግሊዝኛው ላይ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ 7 ቀን ይቆያል። እዚያ ገብታችሁ "ይሄ አድልዎ ነው" ብቻ ብትሉ የሚለወጥ ነገር የለም። "ይኸው በዚህ መጽሐፍ አራት ገጽ ተጽፎላታል፣ ይኸው የሞት ዜናዋ፣ ይኸው የተመረጠችበት አካዳሚ" በሉ። ለዚህ ነው ቁጥር ሁለት ላይ ያን ያህል የቆየሁት። ጓደኞቻችሁን ጠርታችሁ ድምፅ አታስሰጡ፤ የሚታየው ክርክሩ ነው፣ የሰው ብዛት እናንተን ይጎዳል።

ቢሰረዝም ጽሑፋችሁን ራሳችሁ ጋ አስቀምጡ። ከ2018 አካባቢ ጀምሮ ከሺህ በላይ የሳይንቲስቶችን ገጽ የጻፈችው እንግሊዛዊቷ የፊዚክስ ተመራማሪ ጄስ ዌይድ ስለ ክላሪስ ፌልፕስ ጽፋ ነበር። ፌልፕስ 117ኛው ንጥረ ነገር ቴኔሲን በተገኘበት ሥራ የተሳተፈች የኒውክሌር ኬሚስት ናት። ገጹ በ2019 ተሰረዘ፤ ተጨማሪ ምንጭ ሲገኝ በ2020 ተመለሰ።

8. ከሌሎች ገጾች ጋር አያይዟት

ማንም ሊንክ ያላደረገበት ገጽ ወላጅ አልባ ይባላል፤ ሰው አይደርስበትም። ቢያንስ ከአምስት ቦታ ሊንክ ይኑራት፦ ከግኝቱ፣ ከተማረችበት፣ ከሠራችበት፣ ከተሸለመችው ሽልማት፣ አብረዋት ከሠሩት ሰዎች ገጽ። ምድብ ስታስገቡ "ሴት ኬሚስቶች" የሚለው ውስጥ ብቻ አትተዋት፣ "ኬሚስቶች" ውስጥም ትግባ። በአማርኛ ስሟ በተለያየ ፊደል ሊጻፍ የሚችል ከሆነ (ሮዛሊንድ፣ ሮዘሊንድ) ለየአጻጻፉ ወደ ገጿ የሚመራ ማዞሪያ ክፈቱ። ዊኪዳታ (የዊኪፔዲያ እህት የሆነው የመረጃ ቋት) ላይም መዝገብ ይኑራት፤ ስም፣ ልደት፣ ሙያ፣ የሠራችበት ተቋም፣ ሽልማት። ብዙ የፍለጋ አገልግሎቶች መረጃ የሚወስዱት ከዚያ ስለሆነ ይሄ የአሥር ደቂቃ ሥራ ሩቅ ይሄዳል።

9. ተመለሱና እዩ

ገጿንም፣ ስሟን ያስገባችሁባቸውን ሌሎች ገጾችም መከታተያ ዝርዝራችሁ ውስጥ ጨምሩ። የሕይወት ታሪኳ ገጽ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይቆያል። የሚጠፋው የግኝቱ ገጽ ላይ ያለው ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንዱ አንቀጹን ላሳጥር ሲል አብሮ ያወጣዋል፣ ክፋት ኖሮትም ላይሆን ይችላል። በየሦስት ወሩ ከፍታችሁ እዩ። ከጠፋ "ታሪክ" የሚለውን ተጫኑ፣ መቼ እንደወጣና ምን ምክንያት እንደተሰጠ አንብቡ። ምክንያቱ ልክ ካልሆነ መጀመሪያ የውይይት ገጹ ላይ ከነምንጩ ጻፉ፣ ለአወጣው ሰው ሁለት ሦስት ቀን ጊዜ ስጡት፣ ከዚያ መልሱት።